ሰባ ስምንቱን ማን ይጠይቅላቸው?

ስለምትወዷቸው መጻሕፍት ጻፉልኝ ብል፣ የዚህ ወር ደብዳቤ ሁሉ ስለ ኃጢአትና ስለ ምሕረት ሆኖ መጣ። ይሁን። እኔ ግን ዕድሜዬን በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የጨረስኩ ሴት ነኝ፤ መምህረ ወንጌል አይደለሁም። የንስሐውን ነገር ከአባቶቻችሁ ጋር ጨርሱ፤ የንባቡን እንነጋገር።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ተሰብስበን እናነባለን። የካቲት 16፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ሲቃረብ የበላዔ ሰብን ታሪክ አነበብን። አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ «የበላቸው ሰዎችስ ምን ሆኑ?» ብላ ጠየቀች። ሁላችንም ዝም አልን። አንዱ ወንድማችን «እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም» ብሎ ዘጋው። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። ምን ማለት ነበረብን? (ከቢሾፍቱ)

መልስ፦ መጀመሪያ ልጅቷን ፈልጉና መልሷት። ከሁላችሁም ታሪኩን ከልቧ የሰማችው እሷ ናት።

ላላነበበ በአጭሩ ልንገር። ታሪኩ የእመቤታችንን ተአምራት ከሚተርከው መጽሐፍ፣ ከተአምረ ማርያም ነው። እንደሚተረከው ሰውየው መጀመሪያ ደግ ነበር፤ እንግዳ ተቀባይ። ሰይጣን እንግዳ መስሎ ቤቱ ገባና «ልጅህን እረድልን» አለው። አረደ። ከዚያ ወዲያ የሰው ሥጋ ለመደ፤ ቤተሰቡም አልተረፈለትም። 78 ነፍስ በላ። አንድ ቀን ሰውነቱ በቁስል ያለቀ ድሃ መንገድ ላይ ውኃ ለመነው። እምቢ አለ። ድሃው በእመቤታችን ስም ሲለምነው ግን ጥርኝ ውኃ ሰጠው። ሲሞት ሥራው በሚዛን ተመዘነ፤ በእሷ አማላጅነት ያቺ ጥርኝ ውኃ 78ቱን ነፍስ መዝና ተገኘች። ሚዛኑን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ተሥሎ ያላየ ያለ አይመስለኝም።

ደሴ ስሠራ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አንድ ሼህ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ተማሪው ሲወጣ ወንበር ይዘው መጥተው ከበሩ አጠገብ ይቀመጡና ወሬ እንጀምራለን። ይህን ታሪክ ስነግራቸው ሳቅ አሉና «እኛ ዘንድ ደግሞ 99 የገደለ አለ» አሉኝ። የነቢዩ ሙሐመድ ንግግሮች በተሰበሰቡበት በሐዲስ ውስጥ ያለ ታሪክ ነው። ሰውየው 99 ሰው ገድሎ አንድ መነኩሴ ዘንድ ሄደና «ንስሐ አለኝ ወይ?» አለ። «የለህም» ሲለው እሱንም ገደለና መቶ ሞላ። ከዚያ አንድ ዐዋቂ «አለህ፤ ደጋግ ሰዎች ወዳሉበት አገር ሂድ» አለው። መንገድ ላይ ሞተ። የምሕረትና የቅጣት መላእክት ተጣሉበት። ርቀቱ ሲለካ ወደ ደጎቹ አገር በአንድ ስንዝር ቀርቦ ተገኘ። ተማረ።

አያችሁ፣ አንዱ ጋ ጥርኝ፣ ሌላው ጋ ስንዝር። ሁለቱም ታሪክ ሆን ብሎ መለኪያውን አሳንሶታል። ለምን? የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ታሪኩ የተነገረው «ለእኔማ አልቆልኛል» ለሚል በዳይ ነው። ለእሱ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት የለም። ልጇ የተገደለባት እናት ፊት ግን ይህን ብቻ አንብቦ «አሜን» ብሎ መነሣት ጭካኔ ነው። ለእሷ ዘፍጥረት ምዕራፍ 4 አለላት፤ እግዚአብሔር ቃየንን የወንድምህ ደም ከምድር ወደ እኔ ይጮኻል ያለበት። የልጅቷ ጥያቄ የአቤል ወገን ጥያቄ ነው። እንዲህ አይጠየቅም የሚል ሰው ዘፍጥረትንም ይዝጋዋ!

እንግዲህ ስትሰበሰቡ የበላዔ ሰብንና የቃየንን ታሪክ አንድ ላይ አንብቡ። «ከታሪኩ ምን እንማራለን?» የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው ተዉት፤ ልጆች ያኔ እናንተ የምትፈልጉትን መልስ ነው የሚሰጧችሁ። ይልቅ ይህን ጠይቁ፦ አብርሃምም ልጅህን ሠዋ ተብሏል፣ ይሄም ሰውዬ እረድ ተብሏል። አብርሃምን እጁን የያዘለት ነበር። ይሄኛው ያዘዘው ማን እንደሆነ በምን ይወቅ? በእኛ ማኅበር ይህ ጥያቄ ሲነሣ ሰዓታችን አለቀ፣ ቡናው ቀዘቀዘ፣ ሁለት ሰዎችም ተኳረፉ። ከ78ቱ አንዷ ሚስቱ ናት፤ እሷ ሚዛኑ አጠገብ ቆማ ብትጠየቅ ምን ትል ነበር? ይህንን ደግሞ ልጆቹ ይጻፉት። አንዳንዷ ይቅር ትላለች፣ አንዳንዷ አትልም። ሁለቱንም አንብቡላቸው፤ ማረም የለም።

ጥያቄ፦ እኔ በአባባ ተስፋዬ ተረት ያደግኩ ነኝ። አሁን አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሁለት ልጆች አሳድጋለሁ፤ ማታ ማታ በአማርኛ ተረት እነግራቸዋለሁ። የአህያዋን ኑዛዜ ስነግራቸው ትልቁ «መዋሸት ነበረባት» አለኝ። ደነገጥኩ። ውሸት እያስተማርኳቸው ይሆን?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ጤነኛ ልጅ ነው ያለሽ።

ተረቱ ይህ ነው። ድርቅ ገባ። አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ «ከመካከላችን ኃጢአት የሠራ ቢኖር ነው» ብለው ሊናዘዙ ተቀመጡ። አንበሳ በሬ በላሁ አለ፤ «ይሄ ምኑ ኃጢአት ነው?» አሉት። ነብርም ፍየል፣ ጅብም እንደዚሁ፤ ሁሉም ይቅር ተባሉ። አህያ ጌታዬ ቆሞ ሲያወራ ከመንገድ ዳር ትንሽ ሣር ነጨሁ አለች። «አገኘነው! የድርቁ ምክንያት አንቺ ነሽ!» ብለው በሏት።

ልጅሽን እንዲህ በይው፦ አንበሳውስ ዋሸ? አልዋሸም። አራቱም እውነቱን ተናግረዋል። ፍርዱ ነው የተለያየው። ያኔ የሰባት ዓመት ልጅም ቢሆን ነገሩ ይገባዋል፤ የትምህርት ቤቱን ግቢ ያውቀዋላ። ከዚያ «አህያዋ መጀመሪያ ብትናዘዝስ?» በይው። «ዳኛው በግ ቢሆንስ?» እኔ አንድ ክፍል ተማሪ እንዲህ ብዬ ጠይቄ «በጉንም ይበሉታል» የሚል መልስ አግኝቻለሁ። ልቅም ያለ መልስ ነው።

መጨረሻውን አታለዝቢው ብቻ። አህያዋ አምልጣ በደስታ ስትኖር የሚያሳይ ሥዕል ያለው መጽሐፍ ገዝተሽ እንዳታመጪ። ልጆች «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብለው የሚመልሱት ዓለሙ የተረት መሆኑን ዐውቀው ነው፤ ሞቱን ይችሉታል። የማይችሉት እኛ ትልልቆቹ ነን።

ጥያቄ፦ በጾም ልብ ወለድ ማንበብ ያስኮንናል? (ከጎንደር)

መልስ፦ የንስሐ አባትህን ጠይቅ። እኔ በዐቢይ ጾም አንብቤያለሁ፣ አነባለሁም። ከስልክህ ይልቅ እሱ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር የንባብ ክበብ ልንጀምር ነው። እኔ «ፍቅር እስከ መቃብር» አልኩ። አንዱ «በጣም ረዥም ነው» ይላል፤ ሌላዋ ጴንጤ ናት፣ «የኦርቶዶክስ ነገር ስለሚበዛው አልካፈልም» አለች። የእርስዎ ተወዳጅ መጽሐፍ እንደሆነ ስለማውቅ ነው። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ተወዳጄ ነው፤ ስለዚህ ለፍርድ አልመችም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያሳተሙት መጽሐፍ ነው፤ እሳቸው ራሳቸው የቤተ ክህነት ተማሪ ስለነበሩ ቤተ ክርስቲያኑን ከውስጥ ነው የሚያውቁት። የሚያመሰግኑትም የሚወቅሱትም እንደ ቤት ልጅ ነው። ሰው ሁሉ የበዛብህንና የሰብለወንጌልን ፍቅር፣ የፊታውራሪ መሸሻን ትዕቢት፣ የጉዱ ካሣን ንግግር ያነሣል። እኔን የሚይዘኝ ስለቱ ነው። የበዛብህ ወላጆች ልጃቸው እንዳይሞትባቸው ብለው በሕፃንነቱ፣ ሳያገባ ቤተ ክርስቲያንን እንዲያገለግል ተሳሉት። እሱ አልተሳለም። ዕዳው ግን የእሱ ሆነ።

ይህ የኦርቶዶክስ ብቻ ጥያቄ ነው? ባልደረባህን መጽሐፍ ቅዱሷን ይዛ እንድትመጣ ለምናት። ሐና ሳሙኤልን ተስላ ሰጠች፤ ሳሙኤል ግን ልጆች ወልዷል፣ ጉቦ የሚበሉ ልጆች ቢሆኑም። ዮፍታሔ ደግሞ ተሳለና ዕዳውን ልጁ ከፈለች፤ መሳፍንት 11 ላይ አለ። መክብብ ተስሎ ከመቅረት አለመሳል ይሻላል ይላል። ስለ ራሱ የተሳለን ሰው ነው ወይስ ስለ ልጁም የተሳለን? እዚህ ላይ ክርክሩ ሃይማኖት አይለይም። እዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ወላጆቹ «ሐኪም ትሆናለህ» ብለው የተሳሉበት ሰው አይጠፋም፤ እሱን አስቀድማችሁ አናግሩት።

ለርዝመቱ መላ አለው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ያነበበው ትረካ አለ፤ ታክሲ ውስጥ ማዳመጥ ይቻላል። ግን ቢያንስ አንዳችሁ ወረቀቱን ይያዝ፣ ገጹን የሚጠቁም ያስፈልጋል። የመጀመሪያ ስብሰባችሁን በስለቱ ብቻ ጨርሱት። ጉዱ ካሣን ለሁለተኛው አቆዩት፤ እሱ ከገባ ሌላ ሰው አያናግርም።