አቤት ያላለ ካሜራ ሁሉ አልሞተም

የመመረቂያ ፕሮጀክት የያዘች አንባቢ እንዲህ ትላለች፦ «ኦቪ5640 ካሜራ ሊኑክስ ከጫንኩበት ቦርድ ጋር አገናኘሁ። ዳታሺቱ (የአምራቹ መግለጫ ሰነድ) አድራሻው ሄክስ 78 (በ16 መሠረት የተጻፈ ቁጥር) ነው ስለሚል ዲቫይስ ትሪው (ቦርዱ ላይ ምን እንደተገናኘ ለሊኑክስ የሚነግረው ፋይል) ላይ እሱኑ ጻፍኩ። ድራይቨሩ (ካሜራውን የሚያዘው ፕሮግራም) የቺፑን መለያ ማንበብ አቃተው፤ የአይቱሲ መስመሩን (ቺፖች ትዕዛዝ የሚለዋወጡበትን) ስቃኝም ባዶ ነው። ካሜራው ተቃጥሎ ይሆን?»

እህቴ፣ ሌላ ለመግዛት አትቸኩዪ። ዳታሺቱ የመጻፊያና የማንበቢያዋን ቢት ጨምሮ 8 ቢት ቆጥሯል፤ ሊኑክስ የሚፈልገው 7ቱን ብቻ ነው። ሄክስ 78 ለሁለት ሲካፈል ሄክስ 3ሲ ይሆናል፤ የምትጽፊው ይህን ነው። የመቃኛው ትዕዛዝም እንደ ልማዱ ከሄክስ 77 ስለማያልፍ 78ን ጭራሽ አልነካውም።

ይህን አስተካክለሽም መስመሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው። ሴንሰሩን (የካሜራውን ምስል ማንሻ ቺፕ) የሚያነቃው ድራይቨሩ ነው፦ ኃይልና ክሎክ (የሥራውን ምት የሚመታ ምልክት) ይሰጠዋል፣ ከሪሴት ያወጣዋል፤ መለያውን ማንበብ ካቃተው ደግሞ መልሶ ያጠፋዋል። አንቺ የምትቃኚው ከጠፋ በኋላ ነው። የተኛን ሰው ጠርተሽ አቤት ስላላለ ሞቷል እንደማለት ነው።

እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው ሁለቱ መቆጣጠሪያ ፒኖች ዲቫይስ ትሪው ላይ የተጻፉበትን መንገድ ነው። የኦቪ5640 ሪሴት ሴንሰሩን የሚይዘው ዝቅ ሲል ነው፤ ስለዚህ አክቲቭ ሎው (ዝቅ ሲል የሚሠራ) ይባላል። ፓወርዳውኑ ግን የሚያስተኛው ከፍ ሲል ነው፤ አክቲቭ ሃይ። መሃል ላይ ምልክቱን የሚገለብጥ ትራንዚስተር ካለ ይህም ይገለበጣል፤ ስለዚህ የሌላ ሰው ፋይል ከመቅዳት የቦርድሽን የሰርኪት ስዕል በጣትሽ ተከተዪ። እኔ አንድ ጊዜ ፓወርዳውኑን ገልብጬ ጽፌ ሁለት ቀን ሙሉ ገመድ ስቀያይር ከረምኩ። ለካ ድራይቨሩ «ተነሳ» ባለ ቁጥር ሴንሰሩ ይተኛ ነበር።

ከዚያ መለካት ነው። ለሙከራ ሬጉሌተሮቹን (ቮልቴጁን የሚሰጡትን) ሁልጊዜ ክፍት አድርጊና 2.8 እና 1.8 ቮልቱን በመልቲሜትር እዪ። ለክሎኩ ኦሲሎስኮፕ ያስፈልግሻል፦ አንዴ ይዞ እንዲቆም አድርጊው፣ ድራይቨሩን እንደገና ጫኚ፤ አብዛኛውን ጊዜ 24 ሜጋኸርዝ ታያለሽ። አንዳንዱ ሞጁል የራሱ ኦሲሌተር (ክሎክ አመንጪ) አለው። እንዲህ ከሆነ ከፕሮሰሰሩ ክሎክ አትጠብቂ፤ ዲቫይስ ትሪው ላይ ፊክስድ ክሎክ ብለሽ በኦሲሌተሩ ላይ የታተመውን ፍጥነት ጻፊ።

መለያው ተነብቦ ምስል እምቢ ካለ ጣጣው ምስሉ ወደሚያልፍበት ሲኤስአይ መስመር ዞሯል ማለት ነው። ዲቫይስ ትሪው ላይ የሴንሰሩና የተቀባዩ ኢንድፖይንት (የግንኙነቱ ጫፍ) እርስ በርስ መጠቋቆም አለባቸው፤ አንደኛው ብቻ ሌላውን ቢጠራ አይበቃም። የዳታ ሌኖቹን (ምስሉን የሚያስተላልፉትን የሽቦ ጥንዶች) ቁጥር ደግሞ ሴንሰሩ በሚችለው ሳይሆን በተዘረጋው ሽቦ ልክ ጻፊ። ኦቪ5640 ሁለት ሌን ይችላል፤ ገመድሽ ላይ የተዘረጋው አንድ ከሆነ ግን አንድ ነው።