ከተማው የኛን ብቻ ነው የሚበላው?

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከሰቃ ጨቆርሳ ነው። ግማሽ ሄክታር የማትሞላ የቡና ማሳና ሦስት ወንዶች ልጆች አሉኝ። መካከለኛው አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ውጤት አልመጣለትም። አሁን "ጅማ ቶርኖ ቤት፣ ብረት በማሽን የሚቀረጽበት፣ ገብቼ ሙያ እለምዳለሁ" ብሎ ልቤን አድርቆታል። ለስድስት ወር ደመወዝ የለም፣ ምሳ ብቻ ነው አሉ። እኔ ከተማ እኛ ያመረትነውን ከመብላት ሌላ ምን ይሠራል ባይ ነኝ። ለአገርስ ምን ይጠቅማል? ሳታባብሉ ንገሩኝ።

መልስ፦ ሳታባብል ካሉኝ እሺ። እኔም የገጠር ልጅ ነኝ። ከሊሙ ጅማ የገባሁት በ1978 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ያህል ቡና ማበጠሪያ ቤት ሒሳብ ስይዝ ኖሬያለሁ።

አንድ ቀን ልንገርዎ። ወሩ ጥር ነው፤ ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀው ቡና፣ የሚጎርፍበት ጊዜ። የማበጠሪያው ሻፍት፣ ማሽኑን የሚያዞረው የብረት ዘንግ፣ ጠዋት ላይ ቀጭ አለና ተቆረጠ። ግቢው በጆንያ ሞልቷል፤ በር ላይ ሁለት አይሱዙ ቆሞ ሾፌሮቹ ይነጫነጫሉ። ሻፍቱን ተሸክመን እዚሁ ጅማ መርካቶ ጀርባ ወዳለ ቶርኖ ቤት ሄድን። ሰውየው ለካና "በዚህ ውፍረት ብረት የለኝም" አለ። ወዲያው ሦስት ሱቅ አልፎ ወዳለው ብረት ሻጭ ልጅ ላከ። ብየዳው ግድግዳ ተጋርቶት ነው የሚሠራው። ሻፍቱ የሚዞርበትን ኩሽኔታ ከመንገዱ ማዶ ካለ መለዋወጫ ሱቅ ገዛን። አሥር ሰዓት ላይ ማሽኑ ተነሣ። እኔ እንኳ ምሳዬን ሳልበላ መዋሌን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ሻፍቱ ሰቃ ላይ ቢቆረጥ ኖሮ? አንዱ ሰው ብረቱን ፍለጋ፣ ሌላው ኩሽኔታውን ፍለጋ ሲመላለስ ሳምንት ያልፍ ነበር። ታዲያ ቶርኖ ሠራተኛው ለምን ሰቃ አይመጣም? ቢመጣ ጦሙን ያድራላ! ለመንደሩ ወፍጮ በዓመት ስንት ጊዜ ሻፍት ይቆረጣል? ጅማ ግን የማበጠሪያው፣ የባጃጁ፣ የአይሱዙው፣ የእንጨት ሥራ ቤቱ ብልሽት ሁሉ እሱ ደጅ ይሰለፋል። ስለዚህ ሌላ ሥራ ሳይደርብ አንዱን ሙያ ይዞ ይኖራል፣ እጁም ከቀን ቀን ይፈጥናል። የከተማ ጥቅም ምንድን ነው ቢሉኝ ከፎቁ በፊት የምጠራው ይህን ነው። ደግሞ ያን ቀን የተረፈው የኔ አለቃ ብቻ አይደለም። ጀንፈሉን አስረክቦ ገንዘቡን የሚጠብቀው እንደ እርስዎ ያለ ገበሬም ነበር።

"የኛን ይበላል" ያሉት እውነት ነው። ግን ከፍሎ ነው የሚበላው። በልጅነቴ ግቢያችን ውስጥ አንድ አቮካዶ ነበረ። ፍሬው ሥሩ ላይ ይበሰብስ ነበር፤ ማን ይገዛዋል? ዛሬ ጅማ ጁስ ቤት የሌለበት መንገድ ጥቂት ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ስንት ተማሪ ሲመጣና ሲሄድ አየን። ያ ሁሉ ልጅ አያርስም፣ ግን ይበላል፤ ጎመኑም እንቁላሉም የሚመጣው ከእናንተ ዘንድ ነው። ነገሩ አዲስ እንዳይመስልዎ። በአባ ጅፋር ዘመን የሄርማታ የሐሙስ ገበያ ከሸዋና ከጎጃም ሳይቀር ነጋዴ ይስብ ነበር። ከተማው የበቀለው ከዚያ ገበያ ላይ ነው።

አገርን ከጠየቁኝ፣ በ1999ኙ ቆጠራ ከመቶ ኢትዮጵያዊ ከተማ የሚኖረው 16 ያህሉ ብቻ ነበር። ጅማም ያኔ 120,960 ሰው ነበራት። የቀረው በአብዛኛው መሬት እየተካፈለ ነው። የእርስዎን ግማሽ ሄክታር ለሦስት ያካፍሉት፤ ቀጥለው ለልጅ ልጆችዎ። እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ይህ ሒሳብ አይወጣም። አንዱ በሙያ ከወጣ የሁለቱ ድርሻ ይሰፋል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ ኪራይ የሚባል ጉድ አለ። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይቼ ስኖር ደመወዜ መጨመሩን አከራዬ ከኔ ቀድመው ይሰሙ ነበር! የጨመረልኝን እሳቸው ይወስዱታል፤ እኔ ባለሁበት እረግጣለሁ። ሙያ ሳይዝ የሚመጣ ልጅማ ዕድሜው ሲሸከምና ኪራይ ሲከፍል ያልቃል።

ስለዚህ ልጁን ይልቀቁት፣ ግን እጁን ይዘው። ብቻውን ቤት አይከራይ፤ ከጓደኛ ጋር ይጋራ። ሽሮና በርበሬ ከቤት ይላኩለት። ባለ ቶርኖ ቤቱን ደግሞ በግልጽ ይጠይቁት፦ ልጄ ማሽኑን የሚነካው በስንተኛው ወር ነው? ስድስት ወር ሙሉ ወለል የሚያስጠርጉ አሉ። ሐሙስ ለገበያ ሲመጡ ሳይነግሩት ጎራ ይበሉና ጣቶቹን ይዩ። ግራሶ ከሌለባቸው ይዘውት ይመለሱ።