ከመፈረማችሁ በፊት፦ ሀገር ቤት ንብረት ለመግዛት ለምታስቡ ወገኖች

በአሜሪካ ከሃያ ዓመታት በላይ ስኖር በወገኖቼ ላይ ካየሁት ኪሣራ ሁሉ የከፋው፣ ለሦስት ሳምንት ዕረፍት አዲስ አበባ ገብተን በናፍቆትና በዘመድ ደስታ መካከል በምንፈርመው ውል የሚመጣው ነው። እኔም ከፈረሙት አንዱ ነኝ። በ2005 ዓ.ም. ሀገሬ በገባሁ በአምስተኛው ቀን፣ መሠረቱ እንኳ ላልወጣ አፓርታማ የዋጋውን 30 በመቶ ከፈልሁ። የማስረከቢያው ጊዜ አልፎ ዓመታት ተቆጠሩ፤ ቤቱም ገንዘቡም ቀረ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ የግንባታ ፈቃዱ ለስንት ፎቅ እንደተሰጠና ይዞታው ዕዳና ዕገዳ እንዳለበት ከክፍለ ከተማው ሳላጣራ እጄን ለፊርማ መዘርጋቴ ነው።

ስለዚህ የቤቱን ሥዕል ከማየታችሁ በፊት ሰነዱን እዩ፤ ሻጩ የማያውቀው የራሳችሁ ጠበቃም ይመርምርላችሁ። በተለይ በዕጣ የደረሰ ኮንዶሚኒየም 5 ዓመት ሳይሞላው መሸጥ የተከለከለ በመሆኑ፣ ብዙዎች «ስሙ በኋላ ይዞራል» ተብለው ከዕድለኛው በተሰጣቸው ውክልና ብቻ ቤት እንደገዙ ያምናሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት ውክልና በመርሕ ደረጃ ወካዩ ሲሞት ይቋረጣል፤ ያን ጊዜ ገዢው ከማያውቃቸው ወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ሊቆም ይችላል።

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣም ይታሰብበት። ለቅድመ ክፍያ ሲሉ በሥራ ቦታቸው ያጠራቀሙትን የጡረታ ቁጠባ፣ ማለትም ፎር ኦ ዋን ኬይ የሚባለውን፣ የሚያወጡ ወንድሞችና እኅቶች አውቃለሁ። ከ59 ዓመት ተኩል በፊት የወጣ ገንዘብ፣ ሕጉ ከፈቀዳቸው ጥቂት ምክንያቶች በስተቀር፣ ከመደበኛው የገቢ ግብር በላይ የ10 በመቶ ቅጣት ይከተለዋል። አሠሪያችሁ በመዋጯችሁ ልክ የሚጨምርላችሁ ከሆነ ደግሞ፣ ያን ትቶ ለቤት መቆጠብ የደመወዝን ከፊል እንደ መተው ነው።

ብሩንም አትርሱ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር፣ ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ከ100 ብር አልፏል። ቤት እስክታገኙ ድረስ ዶላራችሁን አስቀድማችሁ መንዝራችሁ በብር ማስቀመጥ ምን ያህል እንደሚጎዳ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ውሉም ቀሪው ክፍያ በምን ገንዘብና በየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደሚታሰብ በግልጽ ሊጽፍ ይገባል፤ «እንስማማለን» የሚል አንቀጽ በኋላ ጠብ ያመጣል።

ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ ስለ ውክልና ነው። ወንድም ወይም የአክስት ልጅ ቅር እንዳይለው ብለን «መሸጥ፣ መለወጥ» የሚል ሥልጣን ያለበት ሰነድ ኤምባሲ ቀርበን እንፈርማለን፤ ጉዳዩ ካለቀ በኋላም ሰነዱ በሰው እጅ ዓመታት ይቆያል። የምትወክሉት አንድ ውል እንዲፈርም ከሆነ ያንኑ ንብረትና ያንኑ ተግባር ብቻ ጥቀሱ፤ የባንክ ሒሳባችሁን ከማንቀሳቀስ ሥልጣን ጋር አትቀላቅሉት። ስትሽሩትም ለወኪሉ በስልክ መንገር አይበቃም፤ መሻሩ በጽሑፍ ተረጋግጦ ውክልናው ለተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት፣ ለባንኩና ንብረቱ ላለበት ክፍለ ከተማ ይድረስ፤ የደረሰበትን ማስረጃም በእጃችሁ ያዙ።