የፈረሰ ሰፈር ትዝታ ለምትሰበስቡ ልጆች

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ሠዓሊ ደወለችልኝ። ከጓደኞቿ ጋር ሆና የዶሮ ማነቂያን ሰዎች ልታሰባስብ ነው። ይህ የአዲስ አበባ ፒያሳ ሰፈር በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። ነዋሪዎቹ ራሳቸው እንደሚያስታውሱት በትልቅ ሸራ ላይ እንዲስሉት ነው ሐሳቧ። «ጋሼ፣ ሁለት ሰው ስለ አንድ ቤት የተለያየ ነገር ቢነግረን የቱን እንያዝ?» አለችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በ1990ዎቹ ነው። የመድረክ ሠዓሊ ነበርኩ። አንድ ድርጅት ፒያሳ አካባቢ ለተመሳሳይ ሥራ ቀጠረኝ። አቡጀዲ ግድግዳ ላይ ወጠርን፤ ከሰልና ቀለም አቀረብን። መጀመሪያ ሰው ሁሉ አፈረ። «እኛ ምን እናውቃለን» አሉ። ኋላ አንድ ጡረተኛ ሾፌር ተነሱና ቦኖው የነበረበትን ቦታ በከሰል አከበቡ። ጎረቤታቸው «ኧረ እዚያ አልነበረም!» ብለው ከወንበራቸው ተነሱ። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው! ዳቦ ቤቱ መጣ፣ ጠጅ ቤቱ መጣ። መጀመሪያ ቴሌቪዥን የገባበት ቤትም፣ በመስኮቱ ከሚያዩት ልጆች ጋር ተሳለ።

ቀበሌው ጋ ሲደርሱ አንዱ የስኳር ሰልፍ ሳሉ። በደርግ ጊዜ ስኳርና ዘይት በራሽን ከቀበሌ ሱቅ ነበር የሚገዛው። ሌሎቹም እየሳቁ ሰልፉ ላይ ራሳቸውን ጨመሩ። አንዲት እናት ግን ዝም ብለው ሄዱና እዚያው የቀበሌው ግድግዳ ላይ ትንሽ መስኮት ሳሉ። ከሥሯ ሳህን የያዘች ሴት ጨመሩ። በቀይ ሽብር ልጃቸው እዚያ ታስሮ ነበር። ምሳውን የሚያቀብሉት በዚያች መስኮት ነበር። አንድ ቀን «ከእንግዲህ አታምጪ» ተባሉ። ሳህኑ ጠርዙ ሰማያዊ እንደነበር ሁለት ጊዜ ነገሩን። ቀለሙን ካልሰጣችሁኝ ብለው ያን ጠርዝ ራሳቸው ቀቡት።

በማግስቱ ስመጣ መስኮቷ በነጭ ቀለም ተሸፍናለች። የድርጅቱ ኃላፊ «ሰው የሚያስደስት ነገር ነው የምንፈልገው» አሉ። የስኳር ሰልፉ ግን ሳይነካ እንዳለ ቆየ። የምርቃቱ ዕለት እናትየው የክት ነጠላቸውን ለብሰው፣ ጎረቤት አስከትለው መጡ። ሸራው ፊት ቆመው ቦታውን በጣታቸው ፈለጉት። ማንንም አልጠየቁም። ሸራውም ቢሮ ገባ፤ የሰፈሩ ሰው ዳግም አላየውም። ፎቶ እንኳ የለኝም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ልጄ፣ ሁለቱንም ያዙ። ቦኖው ሁለት ቦታ ይሳል፣ ምን ቸገራችሁ? እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው አዲስ አበባ መቆርቆሯ ተጽፏል፤ አይጠፋም። የስኳሩ ሰልፍና የእስረኛው መስኮት አንድ ግድግዳ ላይ እንደነበሩ የሚያውቀው ግን እዚያ የኖረ ሰው ነው። መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ሄዳችሁ እዩት። በ2002 ዓ.ም. ነው የተከፈተው። እዚያ የሟቾቹ ልብስና ፎቶ አለ። ከዚያ መከራ የተረፉ ሰዎች ራሳቸው ጎብኚ ሲያስጎበኙ አይቻለሁ።

ፈቃድ ጠይቁ አልላችሁም፤ ይህን ታውቃላችሁ። ግን የዛሬ ልጆች ትቸኩላላችሁ። አዛውንቱ አቦል ሳይጠጡ ካሜራ ትደቅናላችሁ። የሰዓት ወሬ ለቲክቶክ አንድ ደቂቃ ትቆርጡታላችሁ። ስልኩን ኪስ ክተቱት። ይህን እያልኩ ደግሞ የእኚያ እናት ድምፅ ዛሬ በእጄ ቢኖር ምን ባልሰጠሁ! እንግዲያው ቅዱ። ብቻ ቡናው ይለቅ፣ ከዚያ ቅዱ። «ታሪክዎን ይንገሩኝ» ስትሏቸው ደግሞ ይደነግጣሉ። ውሃ ከየት ይቀዳ እንደነበር ጠይቁ፣ ሌላው ራሱ ይመጣል።

ሲያልቅ ጋለሪ ከማስገባታችሁ በፊት ሸራውን ጠቅልላችሁ ሰዎቹ ወደገቡበት ኮንዶሚኒየም ውሰዱት። ያላግባብ የተቀባ ነገር ካለ እነሱ ያርሙት። ማን የት እንደገባ ካጣችሁ የድሮውን እድር ጸሐፊ ፈልጉ፤ መዝገቡን የሚጥል ጸሐፊ አላውቅም።