በአንድ መደብ ላይ አሸንዳው ሲበሰብስ ጭጎጎቱ ለምን ይለመልማል?

ከለገጣፎ የጻፉልኝ እመቤት ለመንገድ ሥራ ይቆፈር ከነበረ ተዳፋት ላይ አሸንዳ የሚባለውን የደጋ አበባ ከነሥሩ አንሥተው በግቢያቸው መደብ ላይ ተክለው ነበር። መደቡን በየወሩ ኮትኩተዋል፣ ዩሪያ ጨምረዋል፣ ጠዋትና ማታም አጠጥተዋል። ክረምቱ ሲጋመስ ግን የአሸንዳው ቅጠል ከግርጌው ቢጫ እየሆነ፣ ሲስቡት ተነቅሎ እጃቸው ላይ ይቀር ጀመር። በዚያው መደብ ላይ ማንም ያልዘራው ጭጎጎት፣ አንዳንዶች የሰይጣን መርፌ የሚሉት፣ ወገብ ድረስ አድጓል። «መሬቱ መጥፎ ነው እንዳልል አረሙ ለምልሟል፤ ታዲያ አበባው ምን አጣ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

እመቤቴ፣ አበባው ያጣው ዕረፍትና ውሃ የማይተኛበት መሬት ነው። ለእርሱ ብለው ያደረጉት እንክብካቤ ከሞላ ጎደል የጠቀመው ጭጎጎቱን ነው። ሁለቱ ተክሎች ከመሬት የሚፈልጉት ነገር እጅግ የተለያየ በመሆኑ፣ ለአንዱ የሚደረግ እንክብካቤ ሌላውን ሊጎዳ ይችላል።

ጭጎጎት የአንድ ወቅት ተክል ነው። ሕይወቱን በሙሉ የሚያውለው ዘር ለማፍራት ስለሆነ ለከርሞ ብሎ ከመሬት በታች የሚያስቀምጠው ስንቅ የለውም። ስለዚህ የሚፈልገው የተገለበጠ ባዶ አፈር፣ ብርሃን፣ እርጥበትና በፍጥነት የሚወሰድ ናይትሮጅን ነው። ዘሩ ከላይኛው አፈር ላይ ሆኖ ብርሃን ሲያገኝ በደንብ ይበቅላል፤ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ከተቀበረ ግን ወደ ላይ የሚወጣው ጥቂቱ ብቻ ነው። እርስዎ መደቡን በኮተኮቱ ቁጥር የተቀበረውን ዘር ወደ ብርሃን አውጥተውታል፤ ዩሪያውና የጠዋት ማታው ውሃ ደግሞ የቀረውን አሟልተውለታል። አንድ ተክል ከ3000 እስከ 6000 ዘር ሊሰጥ ይችላል። የደረቀውን ራስ በእጅዎ ይዘው ቢመለከቱት፣ በመካከል ያሉት ዘሮች ረዘም ያሉ፣ በዳር ያሉት ደግሞ አጠር ያሉ ሆነው ያገኟቸዋል። ረጃጅሞቹ ቶሎ የሚበቅሉ ሲሆኑ አጫጭሮቹ ተኝተው ጊዜ ይጠብቃሉ። አንድ ጊዜ ታርሞ የጸዳ የመሰለ መደብ በሚቀጥለው ዝናብ እንደገና የሚለብሰው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አሸንዳ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ክኒፎፊያ ፎሊዮሳ፣ ለብዙ ዓመት የሚኖር የደጋ ተክል ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በተፈጥሮ አይገኝም፤ ከ2000 ሜትር ትንሽ ከፍ ብሎ ጀምሮ እስከ 4000 ሜትር ድረስ በተዳፋትና በግጦሽ መሬት ላይ ይበቅላል። ከብት ስለማይደፍረው ብዙ ጊዜ ሣሩ በተጋጠበት ቦታ ሳይቀር ቆሞ እናየዋለን። ጉልበቱን የሚያከማቸው ከመሬት በታች ባለው ወፍራም ግንደ ሥር ውስጥ ሲሆን፣ ቅጠሉ የሚወጣበት አንገት ደግሞ ከአፈሩ ገጽ ጋር እኩል መሆን ይገባዋል። በዕድገት ጊዜው እርጥበት ይወዳል፤ ውሃ አንገቱ ላይ ሲተኛበት ግን ይበሰብሳል። የተነሣበትን ተዳፋት ያስታውሱ፤ እዚያ ዝናቡ ምንም ያህል ቢበረታ ወርዶ ይሄዳል። የእርስዎ መደብ ግን በደብዳቤዎ እንደገለጹት ሜዳ ላይ የተሠራና መረሬ አፈር ያለው ነው፤ መረሬ ደግሞ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃ ይቋጥራል። በላዩ ላይ በየወሩ መኮትኮቱ አዲስ የወጡትን ሥሮች ቆርጧቸዋል። ዩሪያውም ቅጠሉን አለስልሶ ለብስባሹ አመቻችቶታል ብዬ አምናለሁ።

ከማናቸውም ነገር በፊት የመሬቱን ውሃ አወራረድ ይፈትኑ። ጥልቀቱም ስፋቱም 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ይሙሉት፤ ሰርጎ ሲያልቅ ደግመው ይሙሉት። ሁለተኛው ውሃ በማግስቱም ካለ፣ በዚያ ቦታ አሸንዳ እንዳለ ሊተከል አይችልም። መፍትሔው መደቡን ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግና በዙሪያው ውሃ የሚወስድ ቦይ ማውጣት ነው። ጥቂት ደቃቅ አሸዋ መረሬው ውስጥ መቀላቀል ብዙ ሰው የሚሞክረው ነገር ቢሆንም፣ ብዙ ጊዜ አፈሩን ይበልጥ ያጠብቀዋል እንጂ አያላላውም። ከፍ ለሚለው መደብ ቀይ አፈር ከጠጠራማ ቀይ አሽና ከበሰለ ኮምፖስት ጋር ቢጠቀሙ ይሻላል፤ ኮምፖስቱ ግን ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ አይብለጥ። ዩሪያውን ሙሉ በሙሉ ይተዉት።

የተረፉትን ተክሎች አንድ ጊዜ ብቻ፣ አፈሩ ጠፈፍ ሲል በአካፋ ከሥራቸው አንሥተው ይመርምሩ። ለስልሶ የጠቆረውንና የሚሸተውን ክፍል በንጹሕ ስለታም ቢላዋ ቆርጠው ያስወግዱ፤ ቢላዋው ጠንካራና ጤነኛ ሥጋ እስኪያገኝ ድረስ አይሳሱ። እያንዳንዱ ቁራጭ ቢያንስ አንድ ቡቃያና የራሱ ሥሮች ይኑሩት። ቅጠሉን ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ያሳጥሩትና ቁስሉ እንዲደርቅ አንድ ቀን ጥላ ውስጥ ያሳድሩት። ከዚያም አንገቱ ሳይቀበር በ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይትከሉት። መደቡ ከፍ ካለ የግንቦት መጨረሻና የሰኔ መጀመሪያ ጥሩ ጊዜ ነው፤ ካልሆነ ዝናቡ የሚቀንስበትን መስከረምን ይጠብቁ። ሥር እስኪይዝ በሦስትና በአራት ቀን አንዴ ያጠጡት። ከዚያ በኋላ በበጋ ጣትዎን አፈሩ ውስጥ አስገብተው ደረቅ ሆኖ ሲያገኙት ብቻ፣ ሲያጠጡ ግን አጥግበው፣ ውሃውን ከአንገቱ አርቀው ያፍስሱ።

ጭጎጎቱን በተመለከተ መኮትኮቻውን ያስቀምጡ። ገና ቡቃያ ሳለ፣ ዝናብ ባራሰው አፈር ላይ በእጅ ይነቀል፤ ካደገ ደግሞ ሳያብብ ከመሬት ጋር ይታጨድ። በበቀለ ሁለት ወር ገደማ ውስጥ ሊያብብ ስለሚችል ክትትሉ በየሁለት ሳምንቱ መሆን አለበት። አብቦ የተነቀለውን መደቡ አጠገብ አይተዉት፤ የተነቀለው ላይም ዘሩ ሊበስል ይችላል። በጆንያ አስረው ያስወግዱት እንጂ ኮምፖስት ውስጥ አይጨምሩት። ባዶውን አፈር አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል በቀይ አሽ ጠጠር ወይም በደረቅ ቅጠል ይሸፍኑ፤ ቅጠሉን ግን ከአንገቱ አሥር ሳንቲ ሜትር ያርቁት። ጭድ ብዙ ጊዜ የራሱን የአረም ዘር ይዞ ስለሚመጣ አልመክረውም። ፀረ አረም ኬሚካልም ለዚህች መደብ አያስፈልግም፤ ራውንዳፕ አሸንዳውንም ይገድላል፣ ቱ-ፎር-ዲ ደግሞ በነፋስ ተወስዶ የጎረቤትን ጽጌረዳና ቲማቲም ያበላሻል።

በአራሚ የሚያሳርሙ ከሆነ ሁለቱን ቡቃያዎች አስቀድመው ያሳዩት። የጭጎጎት ቡቃያ መጀመሪያ ሁለት ጠባብና ረዘም ያሉ ቅጠሎች ያወጣል፤ ከዚያ የሚከተሉት ጠርዛቸው እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ሲሆን እያደገ ሲሄድ ግንዱ አራት ማዕዘን ይሆናል። ከዘር የበቀለ አሸንዳ በመጀመሪያው ዓመት ሣር ስለሚመስል ብዙ ጊዜ የሚነቀለው እርሱ ነው። መለያው ቅጠሉ በመሐሉ ታጥፎ፣ በጀርባው በኩል ጎላ ያለ ጠርዝ ያለው መሆኑ ነው።

አበባው ካለፈ በኋላ የደረቀውን ዘንግ ብቻ ይቁረጡ፤ አረንጓዴው ቅጠል ግንደ ሥሩን የሚመግብ ስለሆነ ይቆይ። ከተነሡት ተክሎች የማይተርፍ ካለ፣ ምትኩን ከዱር ቆፍረው እንዳያመጡ አደራ እላለሁ። ቆፋሪ ማሽን ከፊቱ የቆመበት ተክል ሌላ ነገር ነው፤ በሰላም የቆመውን ግን ዘሩን ብቻ፣ ያውም ከፊሉን ይውሰዱ። ፍሬው ደርቆ ሲሰነጠቅ ጥቋቁሮቹን ትናንሽ ዘሮች ሰብስበው በሳጥን ላይ ይዝሩ፤ በጣም ስስ አፈር አልብሰው እርጥበቱን ከጠበቁለት ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይበቅላል። በተለምዶ አበባ የሚያሳየው ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ስለሆነ፣ እስከዚያው በቅጠል ብቻ መቆየቱ አያሳስብዎት።