«አሪትሜቲክ» ሒሳብ ነው ወይስ ስሌት?

ጥያቄ፦ ስለ ቢዛንታይን ሊቃውንት የተጻፈ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። «የጥንት ግሪኮችን አሪትሜቲክ ያጠኑ ነበር» የሚለውን «ሒሳብ» አልኩት። እርማት የሚሠራልኝ ጓደኛዬ ግን «ስሌት በል» ይለኛል። ማንኛችን ነን ልክ?

መልስ፦ ለዛሬ ተማሪ ቢሆን ሁለታችሁም ያስኬዳችሁ ነበር። ለቢዛንታይኖች፣ ማለትም ለመካከለኛው ዘመን የቁስጥንጥንያ ግሪኮች ግን አይሆንም።

ግሪኮች ሁለት ቃል ነበራቸው። «አሪትሜቲኬ» የቁጥርን ጠባይ የሚመረምር ትምህርት ነው፤ ተጋማሹን ከኢተጋማሹ፣ በራሱና በ1 ብቻ የሚካፈለውን ከሌላው ይለያል። «ሎጊስቲኬ» ደግሞ የነጋዴው መደመርና ማካፈል ነው። «ስሌት» የሚስማማው ለዚህ ለሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን እኔ «ሥነ ቁጥር» እለዋለሁ። «ሒሳብ» ሁለቱንም ጠቅልሎ የቡና ቤቱን ክፍያ እንኳ ይጨምራል።

(በነገራችን ላይ፣ በግእዝ «ሐሰበ» ማለት ቆጠረ ማለትም ነው። «ባሕረ ሐሳብ» ውስጥ ያለው ሐሳብ የምናስበው ሳይሆን የምንቆጥረው ነው።)

ቢዛንታይኖች ይህን ልዩነት አጥብቀው ይዘዋል። ጊዮርጊስ ፓኪሜሬስ በ1300 ዓ.ም. አካባቢ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ስለ አራቱ ትምህርቶች ሲጽፍ ሥነ ቁጥርን ከሙዚቃ፣ ከጂኦሜትሪና ከሥነ ፈለክ ጋር አሰለፈው፤ የተመረኮዘውም ስለ ቁጥር በጻፉት በጥንቶቹ የግሪክ ሊቃውንት፣ በኒቆማኮስና በእስክንድርያው ዲዮፋንጦስ ላይ ነው። ዲዮፋንጦስ ቀላል ሰው አልነበረም። ዮሐንስ ኮርታስሜኖስ የተባለ ሊቅ አንዱ ጥያቄ ቢከብደው፣ የዲዮፋንጦስ ነፍስ ከሰይጣን ጋር እንድትሆን በመጽሐፉ ኅዳግ ላይ ረግሞታል!

የሚያስቸግርዎት መነኩሴው ማክሲሞስ ፕላኑዴስ ይመስለኛል፤ በሁለቱም በኩል ስለጻፈ። ዲዮፋንጦስን ሲያብራራ ሥነ ቁጥር ላይ ነው። ስለ ሕንድ አኃዞች በጻፈው መጽሐፍ ግን ስሌት ያስተምራል፤ የርእሱ ቃል ራሱ ሥሩ «ጠጠር» ነው፣ በጠጠር ይሰላ ነበርና። ዜሮን እዚያ «ጺፍራ» ይለዋል። ቃሉ ከዐረብኛው «ሲፍር» የመጣ ነው፤ የእኛም «ዜሮ» በጣልያንኛ በኩል ዞሮ ከዚያው ይመዘዛል። ግሪኮች በፊደል ሲቆጥሩ ዜሮ አላስፈለጋቸውም። የግእዝ አኃዞችም ከግሪክ ፊደላት የወጡ ናቸውና (፩ አልፋ፣ ፪ ቤታ ነው) ዜሮ የላቸውም።

እንግዲህ «የጥንት ግሪኮችን ሥነ ቁጥር ያጠኑ ነበር» ብለው ይጻፉ። ኒቆላዎስ ራብዳስ በ14ኛው ክፍለ ዘመን በጣት ስለ መቁጠር የጻፈው ጋ ሲደርሱ ግን ጓደኛዎን ይስሙት፤ ያ ስሌት ነው።