«ደህና ነው» ያልኩበት ቀን

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት መሐንዲስ ቢሮዬ በር ላይ ልግባ አልግባ ስትል ቆይታ በመጨረሻ ገባችና፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሌባ ነኝ የሚለው ስሜት በስንት ዓመት ነው የሚለቀው?» አለችኝ። ገንዘብ የጎደለ መስሎኝ ደነገጥኩ። ስታስረዳኝ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዲግሪዋን በዕድል ያገኘችው፣ ሥራውንም ሰዎቹ ተሳስተው የሰጧት ይመስላታል። አለቃዋ በጠራት ቁጥር «አሁን ነቁብኝ» ትላለች።

በሁለት ዓረፍተ ነገር አጽናንቼ ሸኘኋት። ምን እንዳልኳት እንኳ አላስታውስም። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እንቅልፍ የነሳኝ የእሷ ነገር አልነበረም፤ የአንድ ፎርማን ፊት ነው።

የ24 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ሳይት ከገባሁ ገና ሁለት ወር ቢሆነኝ ነው። ፎርማኑ ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ የሥራ ዘመን ያላቸው ሰው ነበሩ። እኔም ያኔ «ጋሼ» ነበር የምላቸው። አንድ የማይለዩት ሜትር ነበራቸው፤ ጫፉ ተሰብሮ የመጀመሪያዎቹ 10 ሴንቲ ሜትሮች የሉም። ሁሉን ነገር ከ10 ጀምረው ይለኩና በልባቸው 10 ይቀንሳሉ። አንድ ቀን ያን ሜትር ተውሼ ለካሁ፤ መቀነሱን ረሳሁት። የበር መክፈቻው 10 ሴንቲ ጠቦ ተሠራ። ጋሼ አዩት፣ ምንም አላሉም። ሠራተኛው ምሳ ሲወጣ ሁለት ሰው አስቀርተው ብሎኬቱን አስፈረሱና አስተካከሉልኝ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላነሱብኝም። አዲስ ሜትር ለምን እንደማይገዙ ጠይቄያቸው ነበር፤ «ይሄ ሰው ያነቃል» አሉኝ። እኔን እንዳላነቃኝ ሁለታችንም እናውቃለን።

የሦስተኛው ፎቅ ሶሌታ፣ ማለትም ወለሉ፣ ኮንክሪት የሚሞላበት ቀን ደረሰ። በአንደኛው በኩል ባልኮኒ አለው። በሌላ ሙያ ላላችሁ ትንሽ ላስረዳ። ባልኮኒ በአንድ ወገን ብቻ የተያዘ ነገር ነው፤ ሌላው ጫፉ አየር ላይ ነው። ክብደት ሲያርፍበት ወደ ታች ማዘንበል ይፈልጋል፣ ያኔ የላይኛው ፊቱ ይወጠራል፣ የታችኛው ይጨመቃል። ኮንክሪት መጨመቅን ይችላል፤ ሲወጠር ግን አቅሙ የዚያ አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ስለዚህ ውጥረቱን የሚሸከመው ፌሮ፣ ማለትም ብረቱ፣ ከላይ መሆን አለበት። ይህ የተደበቀ ጥበብ አይደለም፣ ማንም የሙያው ተማሪ ያውቀዋል። እኔም ፈተና ላይ ጥሩ አድርጌ ጽፌዋለሁ።

የሶሌታው ውፍረት 15 ሴንቲ ነው። ፌሮው ከላይኛው ፊት ሁለት ሴንቲ ተኩል ያህል ዝቅ ብሎ መቀመጥ ነበረበት። ጠዋት ትክክል ነበር። ከዚያ ጋሪ የሚገፉት ልጆች ሲመላለሱበት መደገፊያው ተንሸራተተና ባልኮኒው ላይ ያለው ፌሮ ኮንክሪቱ የሚፈስበት ካሳፎርማ ላይ ሊተኛ ምንም አልቀረውም። ጎንበስ ብዬ ጣቴን ከሥሩ ለማሾለክ ሞከርኩ። አልገባም።

ፕላኑ በእጄ ነው፤ አራት ቦታ ታጥፎ ላቤ አርሶታል። ልቤ ድው ድው ይላል። ያን ጊዜ ግን የማስበው ስለ ፌሮው አልነበረም፣ ስለ ራሴ ነበር። «ጋሼ ይህን ያህል ዘመን ሠርተው ሳያዩት ይቀራሉ? እኔ ያልተማርኩት ነገር ቢኖር ነው። ተናግሬ ብሳሳትስ? ያን ሁሉ ሰው አስቁሜ መሳቂያ ብሆንስ?» ስል ዋናው መሐንዲስ መጣና በቁሙ፣ «እዚህ ሁሉ ደህና ነው?» አለኝ።

«ደህና ነው» አልኩ። ሁሉ ደህና መሆኑን የሚያረጋግጠውን ቅጽ ሰጠኝ፣ ፈረምኩ።

ኮንክሪቱ መጣ፣ ኮንክሪቱን የሚያጠቀጥቀው ቫይብሬተር አጓራ፣ ፌሮው ከዓይኔ ጠፋ። ኮንክሪት ወዲያው አይደርቅም፤ እስኪይዝ ድረስ ሁለት ሦስት ሰዓት ይሰጣል። በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተመልሼ ሄጄ ቆሜ አይቼዋለሁ። ሦስት ጊዜ። ዛሬም የሚቆጨኝ ከመጀመሪያው ይልቅ ሦስተኛው ነው።

ከ28 ቀን በኋላ ከሥር የቆመው ድጋፍ ሲነሳ የባልኮኒው ጫፍ 3 ሴንቲ ያህል ወረደ። ከግድግዳው ሥር፣ ከላይ በኩል፣ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ከዳር እስከ ዳር ወጣ። ድጋፉ በጥድፊያ ተመለሰ፣ ኋላም ባልኮኒው ፈረሰ። ሰው አልተጎዳም። ይህን የምጽፈው እንድትረጋጉ ነው፤ እኔ ግን አልተረጋጋሁበትም።

ስብሰባ ተጠራ። ቅጹ ላይ ሁለት ፊርማ አለ፣ የጋሼና የእኔ። የእኔን ማንም አላነሳውም። «እሱ ገና ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል» ተባለና ታለፈ። ለወራት «ማንም አይደለሁም፣ አንድ ቀን ይነቁብኛል» ስል ከርሜ፣ ያን ዕለት ማንም አለመሆኔ ጠቀመኝ። አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። ሲያዩኝ ትሑት ሳልመስል አልቀረሁም።

ጋሼ ተሰናበቱ። ዕቃቸውን በማዳበሪያ ከረጢት ሲያስገቡ ልረዳቸው ሄድኩ። ቀና ሳይሉ፣ «አይተኸው ነበር፣ አይደል?» አሉኝ።

«አላየሁም» አልኳቸው።

«እሺ» አሉና ሜትራቸውን ኪሳቸው ከተው ሄዱ። ከዚያ በኋላ አላገኘኋቸውም። ሙያው ጠባብ ነው፣ ብፈልጋቸው አገኛቸው ነበር። አልፈለግኳቸውም።

ልጅቷ ስሜቱ «ኢምፖስተር ሲንድረም» እንደሚባል ነገረችኝና አነበብኩ። ስሙን ያወጡት ፖሊን ክላንስና ሱዛን አይምስ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ከ150 በላይ የተሳካላቸው ሴቶችን ይዘው ባወጡት ጽሑፍ። «ሲንድረም» ግን አላሉትም፤ ክስተት ነው ያሉት። በሽታ ተብሎም አልተመዘገበም። ኋላ ላይ ወንዶችም ዘንድ ሞልቶ ተገኘ፤ እኔን ቢጠይቁኝ ያኔውኑ እነግራቸው ነበር።

የዛሬ ልጆች አንድ ነገር አላችሁ፤ ለሁሉም ነገር ስም ታወጡና ስሙን ታቅፋችሁ ትቀመጣላችሁ። እኛ ስም አልነበረንም፣ ዝም ብለን እንሠራ ነበር ልል ነበር። ግን ከላይ የጻፍኩትን ሳየው እኔ ዝም ነው ያልኩት እንጂ አልሠራሁም። ስሙን ያኔ የሚነግረኝ ባገኝ ምናልባት ያቺን ቀን ሌላው ሰውም እንዲህ ይሰማዋል ብዬ አፌን እከፍት ነበር። እንጃ።

ሌላም ጥናት አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 ደኒንግና ክሩገር ተማሪዎችን ፈትነው ስንት ሰው እንደበለጡ አስገመቷቸው። ከሁሉ ያነሱት በአማካይ ከ100 ሰው 12ቱን ብቻ የሚበልጡ ሆነው ሳለ 62ቱን እንበልጣለን አሉ። ከሁሉ የተሻሉት ደግሞ ከትክክለኛ ደረጃቸው ዝቅ አድርገው ገመቱ፤ ለእነሱ የቀለለው ለሌላውም የቀለለ መስሏቸው ነው። እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ ሳቅሁ። ሳይት ላይ ካየኋቸው አለቆች መካከል 62 የሚሉትን በስም መቁጠር እችላለሁ፤ አልቆጥርም።

ተዘጋጁ፣ አንብቡ፣ ጠይቁ የሚለውን ምክር እዘለዋለሁ፤ ወላጆቻችሁ ነግረዋችኋል። መስታወት ፊት ቆሞ «እችላለሁ፣ እችላለሁ» ማለትንም አልመክርም። ሞክሬዋለሁ፤ መስታወቱ አላመነኝም። አልበርት ባንዱራ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1977 እንደጻፈው፣ ሰው በችሎታው እንዲያምን ከሁሉ በላይ የሚረዳው ነገሩን ራሱ ሠርቶ ማየቱ ነው፤ የሌላ ሰው ማበረታቻ ከዚያ ያነሰ ኃይል አለው።

የእኔ ግን ትንሽ ይለያል። እኔን ያዳነኝ ተናግሬ መሳሳቴ ነው። ከስድስት ወር በኋላ፣ ሌላ ሳይት ላይ፣ የአንድ ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) ፌሮ ቁጥር ጎደለብኝ። የጋሼ ፊት መጣብኝና «ቁም!» ብዬ ጮህኩ። ሁሉም ቆመ። ግማሽ ቀን ባከነ። ለካ እኔ የያዝኩት የተሻረውን ፕላን ነው፤ በአዲሱ ቁጥሩ ተቀንሷል። ሳቁብኝ፣ በደንብ ሳቁብኝ። አንድ ፌራዮ፣ ፌሮ አሳሪ ማለት ነው፣ ለወራት ባየኝ ቁጥር «ቁም!» እያለ ያልፍ ነበር። በማግስቱ ግን ሥራ ገባሁ፣ ደመወዜም አልቀረም። ያን ሁሉ ጊዜ ስፈራው የኖርኩት ነገር ደርሶ አየሁት፤ ያን ያህል አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ወደ ሥራ ስገባ ዕለቱን የተሻረ ፕላን እንዳልያዝኩ አያለሁ። ከውርደቱ የተረፈኝ ይኸው ነው።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኔ ነቅዟል። ይሉኝታ ነው ብዬ ነበር የማስበው፤ ኋላ ሳየው ራስን ብቻ መመልከት ነው። «ይህ ስህተት ነው» ለማለት ሰው መሆን ያስፈልግ ይሆናል፤ «ጋሼ፣ ይሄ ፌሮ ለምን ዝቅ አለ?» ለማለት ግን የሚያስፈልገው ዓይን ነው። እሳቸው ጎንበስ ብለው አይተው፣ ሁለት ልጆች ጠርተው፣ በአምስት ደቂቃ ከፍ ያደርጉት ነበር። ደግሞ አያነሱብኝም ነበር።

ይህን ስል በራሱ የማይጠራጠር ልጅ አምጡልኝ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ሰው ስቀጥር ሁለት እኩል ልጆች ከቀረቡልኝ የሚጠራጠረውን ነው የምወስደው። ልጅቷንም የመረጥኳት እኔ ነኝ፤ ተሳስቼ አይደለም። ይህን አልነገርኳትም፤ ዛሬ እነግራታለሁ።

ሰኞ የአንድ ሕንፃ ስሌቷን ለባለሙያዎች ታቀርባለች። «ይምጡልኝ ጋሼ፣ ስሳሳት ያርሙኛል» ብላለች። እመጣለሁ፣ ከኋላ እቀመጣለሁ፣ ግን አልናገርም ብያታለሁ። ቃሌን ስለመጠበቄ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ዘንድሮ እኔ ዝም ማለት አልችልበትም።